የኦንላይን ጨዋታና የክርስቲያን ወጣት ሕይወት፡ ከተጫዋቾቹ ክርክር የምንማረው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በምዕራብ ጎጃም በወንበርማ ወረዳ፣ በሽንዲ ከተማ፣ ከአንድ የእሑድ ጉባኤ በኋላ ጥቂት የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በዐጸደ ቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሞቅ ያለ ክርክር ይዘው አገኘናቸው። የሚከራከሩት በስልካቸው ከሌሎች ጋር በኢንተርኔት ተገናኝተው ስለሚጫወቱት ጨዋታ ነበር። አንደኛው ይሟገትለታል፤ «እናቴ በታመመች ጊዜ በየማታው እንዴት ዋለች እያሉ የጠየቁኝ አብረውኝ የሚጫወቱት ልጆች ናቸው። አንዱ ባሕር ዳር፣ አንዱ አዳማ ነው የሚኖረው፤ ፊታቸውን እንኳ አይቼው አላውቅም» ይላል። ሁለተኛው ጨዋታውን የተወ ነው፤ «አባቴ በርበሬ ሸጦ ለቤት ኪራይና ለደብተር የሰጠኝን ብር ለጨዋታው ጌጥ መግዣ አውየዋለሁ፤ እስከ ዛሬ አልነገርሁትም» ብሎ አንገቱን ደፋ። ሦስተኛው ወደ እኛ ዘወር አለና፣ «ዲያቆን፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን፤ ጨዋታው ኃጢአት ነው ወይስ አይደለም?» ሲል ጠየቀን።

የተዘጋጀ መልስ ነበረን። «ጊዜ ማባከን ነው፤ ተዉት» ብለን መሄድ እንችል ነበር። ነገር ግን ሁለቱም ወጣቶች የተናገሩት እውነት ነበር። የመጀመሪያውን ሳንሰማ ብንፈርድ ዳግመኛ አይጠይቀንም፤ የሁለተኛውን ኀዘን ቸል ብንል ደግሞ እረኝነታችን ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ በዚያ ቀን ጥቂት ብቻ ተናግረን፣ ነገሩን መርምረን እንደምንመለስ ቃል ገባን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ቃል ፍጻሜ ነው።

ጨዋታው ምንድን ነው?

ብዙ ወላጆችና አንዳንድ አገልጋዮችም «የስልክ ጨዋታ» ሲባል ሕፃናት ለደቂቃዎች የሚነካኩት ነገር ይመስላቸዋል። እዚህ የምንናገርለት ግን ሌላ ነው። ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ በኢንተርኔት ተገናኝተው፣ እያንዳንዱ የራሱን ስምና መልክ የፈጠረለት ገጸ ባሕርይ ይዞ፣ ተጫዋቹ ቢተኛም በማያቆም ምናባዊ ዓለም ውስጥ የሚኖርበት ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ ጦረኛ፣ አዳኝ፣ ሐኪም ወይም ነጋዴ ይሆናል፤ ከሌሎች ጋር ማኅበር ይመሠርታል፤ ተግባር ይቀበላል፤ ተግባሩን ሲፈጽም ደረጃው ከፍ ይላል።

የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ መነሻ በእንግሊዝ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ዓ.ም. በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትራብሾ የተባለ ተማሪ ሥዕል የሌለው፣ በጽሑፍ ብቻ የሚካሄድ የጋራ ጨዋታ ጀመረ፤ ጓደኛው ሪቻርድ ባርትልም አስፋፋው። ከዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. የወጣው ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የተባለው ጨዋታ በ2010 ዓ.ም. ዐሥራ ሁለት ሚሊዮን ከፋይ ተጫዋቾች ደርሶ ነበር። በውስጡ አንዳንድ ውጊያዎች የአርባ ሰዎችን ቅንጅት ይጠይቁ ነበር፤ አርባው በተባለው ሰዓት ተገኝተው፣ እያንዳንዱ የተመደበለትን ሠርቶ ካልሆነ በቀር ድል አይገኝም።

በእኛ አገር፣ ይልቁንም እንደ ሽንዲ፣ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ባሉ ከተሞች፣ ለእንዲህ ያለው ጨዋታ የሚሆን ኮምፒውተርና የማይቆራረጥ ኢንተርኔት ያለው ወጣት ጥቂት ነው። ስለዚህ የተስፋፋው በስልክ የሚሠራው ነው፤ ፐብጂና ፍሪ ፋየር በወጣቶች አፍ የተለመዱ ስሞች ናቸው። እነዚህ በአብዛኛው የተኩስ ጨዋታዎች ስለሆኑ ከላይ ከገለጽነው ዓይነት ጋር ሙሉ በሙሉ አንድ አይደሉም። ሆኖም ዋናው ጠባያቸው ይመሳሰላል፤ በፐብጂ አራት ሆነው ይሰለፋሉ፣ በድምፅ ይነጋገራሉ፣ በየጊዜው የሚታደስ ማዕርግ አላቸው፣ ለገጸ ባሕርያቸው ልብስና ጌጥ ይገዛሉ። ስለዚህ የአንዱ ጥቅምና ጉዳት በሌላውም ይታያል።

ተጫዋቾቹ ምን ይፈልጋሉ?

ሰዎች ከእንዲህ ያለው ጨዋታ ምን እንደሚፈልጉ የመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾች ራሳቸው ተከራክረውበታል። እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ እንዲህ ያለ የአንድ የእንግሊዝ ጨዋታ አንጋፋ ተጫዋቾች ለወራት በጽሑፍ ተወያዩ። ባርትል ክርክሩን አጥንቶ በ1996 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ ተጫዋቾችን በአራት ከፈላቸው። የመጀመሪያዎቹ ደረጃ በደረጃ ማደግን የሚሹ ናቸው። ሁለተኛዎቹ ያልታወቀውን መመርመር ይወዳሉ። ሦስተኛዎቹ የሚመጡት ለሰው፣ ለወሬና ለወዳጅነት ነው። አራተኛዎቹ ደግሞ ሌላውን በማሸነፍና በማስጨነቅ ይደሰታሉ።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ክፍፍል በመንፈሳዊ ዓይን እንመልከተው። ማደግ፣ ማወቅና ከሰው ጋር አንድ መሆን እግዚአብሔር በሰው ባሕርይ ያኖራቸው መሻቶች ናቸው። በአገራችን የአብነት ትምህርት ቤት ይህን ጠንቅቀን እናውቀዋለን። ተማሪው ከፊደል ወደ ንባብ፣ ከንባብ ወደ ዳዊት፣ ከዚያም ወደ ዜማና ወደ ቅኔ ይወጣል። በቅኔ ቤትም ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ ይዘልቃል። ጎጃም የቅኔ አገር የተባለው ይህን መሰላል ብዙዎች ስለወጡበት ነው። ተማሪው ረኃቡንና ብርዱን የሚታገሠው አንድ እርከን ባለፈ ቁጥር ማደጉን ስለሚያውቅ፣ አብረውት የሚቀጽሉ ባልንጀሮችም ስላሉት ነው። ስለዚህ በጨዋታው የሚሳበው ወጣት የሚሻው ነገር ከእኛ የራቀ አይደለም፤ አባቶቹ በሌላ ስፍራ የፈለጉትንና ያገኙትን ይፈልጋል። የአራተኞቹ መሻት ግን በሰው ሥቃይ መደሰት ነውና ወደ ፈውስ እንጂ ወደ መዝናኛ አያስኬድም።

የሚያመሰግኑት እውነት አላቸው

ጨዋታውን የሚያመሰግኑ ሰዎች ከሚጠቅሷቸው ታሪኮች አንዱ የኖርዌያዊው ወጣት የማትስ ስቴን ነው። ማትስ ከልጅነቱ ጀምሮ ጡንቻን እያመነመነ በሚሄድ ሕመም ተይዞ በተሽከርካሪ ወንበር ይኖር ነበር። ወላጆቹ ልጃቸው ቀኑን በኮምፒውተር ፊት ሲያሳልፍ እያዩ «ያለ ወዳጅ አለፈ ልጃችን» ብለው ያዝኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 ዓ.ም. በ25 ዓመቱ ዐረፈ። ወላጆቹ ማረፉን እርሱ ይጽፍበት በነበረው ድረ ገጽ ቢያስታውቁ ከብዙ አገሮች የኀዘን ደብዳቤ መጣላቸው። በዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ውስጥ ኢበሊን በሚባል ስም ይታወቅ ነበር፤ የተጨነቀውን ያጽናና፣ የተጣሉትን ያስታርቅ እንደ ነበር ያን ጊዜ ሰሙ። ጥቂቶቹም ከሌላ አገር ድረስ መጥተው በቀብሩ ላይ ተገኙ።

እኛ ለቅሶ መድረስን እንደ ትልቅ ምግባር የምንቆጥር ሕዝብ ነን። ሰው ባሕር ተሻግሮ ለቅሶ የሚደርስለትን ወዳጅነት «የውሸት ነው» ማለት ይከብደናል። የሽንዲው ወጣትም ስለ እናቱ ጤና የጠየቁትን ልጆች ወዳጆቼ ቢል አልዋሸም።

ሌላም ጥቅም ይጠቀሳል። የቬንዙዌላ ኢኮኖሚ በወደቀባቸው ዓመታት ብዙ ሰዎች ሩንስኬፕ በሚባለው ጨዋታ ውስጥ የሚገኘውን ወርቅ እየሰበሰቡና እየሸጡ ቤተሰባቸውን መግበዋል፤ ምንም እንኳ ሽያጩን የጨዋታው ደንብ ባይፈቅደውም። በእኛም አገር እንግሊዝኛን ከመምህሩ ይልቅ ከጨዋታ ጓደኞቹ የለመደ፣ በቡድን መታዘዝንና ማዘዝን በዚያ የተማረ ወጣት አለ። እነዚህን በጎ ነገሮች መካድ ለክርስቲያን አይገባም፤ ሐሰት የጽድቅ መሣሪያ ሆና አታውቅምና።

የሚነቅፉትም እውነት አላቸው

ከጉዳቱ ሁሉ የከፋው ጨዋታው መጨረሻ የሌለው ሆኖ መሠራቱ ነው። የገና ጨዋታ ፀሐይ ሲጠልቅ ያበቃል፤ ገበጣም ጠጠሩ ሲያልቅ ይጠናቀቃል። እነዚህ ጨዋታዎች ግን አንድ ማዕርግ ሲገኝ ሌላ ያሳያሉ፤ የተገኘውም በአዲስ ዙር ዝቅ ይላል። በየቀኑ ለገባ ስጦታ ይሰጣሉ፤ ለቀረ ግን ያልፈዋል። ቡድኑም ይጠብቃል፤ «አንተ ከሌለህ እንሸነፋለን» ይሉታል። ስለዚህ ወጣቱን የሚይዘው የደስታው ብዛት ብቻ አይደለም፤ የመቅረት ፍርሃትና የባልንጀራ ይሉኝታም ነው።

ይህን ከወሬ ብቻ አንናገርም። እኛም ሳናውቅ አንፈርድም ብለን ከእነዚህ ጨዋታዎች አንዱን በስልካችን ጭነን ነበር። በመጀመሪያው ምሽት ለግማሽ ሰዓት አየነው። በሦስተኛው ምሽት ከማናውቃቸው ሦስት ልጆች ጋር ተሰልፈን «አንድ ዙር ብቻ» እያልን ስንቀጥል ሌሊቱ ተጋምሶ አለፈ። የቤተ ክርስቲያን ደወል ሲደወል ስልኩ በእጃችን ነበር። ለአገልግሎት የሚጠራንን ድምፅ ሰምተን የመጀመሪያው ሐሳባችን «ይህ ዙር ይለቅ» የሚል መሆኑን ስናስተውል አፈርን። ያን ዕለት ወደ ቅኔ ማኅሌቱ የገባነው ዘግይተንና እንቅልፍ ተጭኖን ነው። ጨዋታውን አጠፋነው፤ ነገሩንም ለንስሐ አባታችን ነገርናቸው። ከዚያ በኋላ የወጣቶቹን ድካም በንቀት ልናየው አልቻልንም።

ሁለተኛው ጉዳት ገንዘብ ነው። ጨዋታው በነጻ ይጫናል፤ በውስጡ ግን ዩሲ፣ ዳይመንድ እየተባለ የሚሸጥ የጨዋታ ገንዘብ አለ። አንዳንዱ ዕቃ ደግሞ በዕጣ ይሸጣል፤ ገዢው ከፍሎ ሣጥኑን ሲከፍት ምን እንደሚደርሰው አያውቅም። የቤልጅየም የቁማር ተቆጣጣሪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. ከእነዚህ ሣጥኖች አንዳንዶቹን መርምሮ በአገሩ ሕግ ቁማር ናቸው ብሏል። በከተሞቻችን የውርርድ ቤት ያመጣውን ጣጣ ላየን ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ሦስተኛው ጤና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዐሥራ አንደኛው የበሽታዎች መዘርዝሩ የጨዋታ ሱስን በሕመምነት መዝግቦታል፤ መዘርዝሩ እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. ጸድቆ ከጥር 1 ቀን 2022 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፤ ሰውየው ጨዋታውን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ከሌላው የሕይወት ተግባር ሁሉ ሲያስቀድመው፣ ጉዳት እያየም ሲቀጥል። ይህም በአብዛኛው ለዐሥራ ሁለት ወራት ያህል የዘለቀ ሊሆን ይገባል። እንግዲህ የሚጫወት ሁሉ በሽተኛ አይደለም፤ በሽተኛ የሆነውን ግን በስድብ ሳይሆን በሕክምናና በምክር መርዳት ያስፈልጋል።

አራተኛው የጨዋታው ይዘት ነው። በአንዳንዶቹ ተጫዋቹ ጠንቋይ ሆኖ አጋንንትን ይጠራል፤ በአንዳንዶቹ እርቃን እንደ ጌጥ ይታያል። በድምፅ መነጋገሪያውም ስድብና የሰውን ዘር ማንቋሸሽ ይሰማል። በጥምቀት ሰይጣንን የካደና የክርስትና ስም የተቀበለ ሰው፣ ለጨዋታም ቢሆን በሌላ ስም ሆኖ የካደውን ሲጠራ ሊያፍር ይገባዋል።

መንግሥታትም ነገሩን በሕግ ሊገቱ ሞክረዋል። ደቡብ ኮርያ እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. ከዐሥራ ስድስት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት እንዳይጫወቱ ከለከለች፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ ግን ሕጉን ሻረችው። ቻይና በ2021 ዓ.ም. ከዐሥራ ስምንት ዓመት በታች ላሉት ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በበዓላት ቀን ከምሽቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ብቻ ፈቀደች። ሕግ በውጭ ሊያግዝ ይችላል፤ የሌሊቱን በር የሚዘጋው ግን በክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ነው።

ያለ ፈቃድ የተጾመው ጾም

እኛ ሕግ ሳይወጣ ጨዋታው የተቋረጠበትን ዘመን አይተናል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ጾመ ፍልሰታ ሊገባ ሲል፣ በክልላችን በተፈጠረው ግጭት ምክንያት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ በብዙ ቦታም ለረጅም ወራት ሳይመለስ ቆየ። በየቦታው ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መንገዶችም ተቋረጡ። የዚያ ዘመን መከራ ከጨዋታ እጅግ የሚከብድ ነው፤ እዚህ የምናነሣው ከወጣቶቹ አንዱ የነገረንን ለማስረዳት ነው።

«በመጀመሪያው ሳምንት እጄ ሳላስበው ወደ ስልኩ ይሄድ ነበር። በወሩ ረሳሁት። ከአባቴ ጋር በቆሎ ስኮተኩት ከረምሁ፤ ማታ ማታም ውዳሴ ማርያም ደገምሁ። ኔትወርክ ሲመለስ ግን ሁለት ቀን አልቆየሁም፤ እንደ ድሮዬ ሆንሁ» አለን።

በዚህ ቃል ውስጥ ትልቅ ትምህርት አለ። ሁኔታ ያስገደደው መታቀብ ልማዱን ለጊዜው ያስተኛዋል እንጂ አይነቅለውም። ቤተ ክርስቲያን ጾምን በፈቃድ የሚደረግ ተጋድሎ ያደረገችው ስለዚህ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ልጁ ያለ ጨዋታው መኖር እንደሚችል፣ ያውም ከአባቱና ከጸሎቱ ጋር በተሻለ እንደሚኖር በራሱ ሕይወት ዐይቷል። ይህን ማወቁ ለሚቀጥለው ተጋድሎ ስንቅ ነው።

አበው ስለ ጨዋታ ምን አስተማሩ?

ቅዱሳት መጻሕፍት ጨዋታን በጅምላ አይኰንኑም። ነቢዩ ዘካርያስ እግዚአብሔር ለኢየሩሳሌም ስለሚሰጣት በረከት ሲናገር፣ በአደባባይዋ የሚጫወቱ ወንዶችና ሴቶች ልጆች እንደሚሞሉባት ይገልጻል (ዘካ. 8፥5)። በአበው ዜና እንደሚነገረውም አንድ አዳኝ አባ እንጦንስን ከወንድሞች ጋር ሲጫወት አግኝቶ ተሰናከለ። ቅዱሱም ቀስቱን እንዲለጥጥ አዘዘው፤ ደግሞም ለጥጥ፣ ጨምር አለው። አዳኙ «ከዚህ በላይ ብለጥጠው ይሰበራል» ሲል፣ የወንድሞችም ነገር እንዲሁ መሆኑን፣ አልፎ አልፎ ካላረፉ እንደሚሰበሩ አስረዳው።

በዚህ አንጻር የቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅን ትምህርት እናንሣ። እ.ኤ.አ. በ399 ዓ.ም. በቁስጥንጥንያ ከባድ ዝናብ እህሉን ሊያጠፋ ደርሶ ሕዝቡ በምሕላ ወደ እግዚአብሔር ጮኸ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ያው ሕዝብ፣ የጌታ ስቅለት በሚታሰብበት በዓርብ ዕለት፣ ቤተ ክርስቲያንን ትቶ ወደ ፈረስ እሽቅድምድም ወጣ፤ በማግሥቱም ወደ ቴአትር ሄደ። ቅዱሱ በቴአትሩ የሚታየውን ነውር በራሱ ነቀፈ። ስለ እሽቅድምድሙ ሲናገር ግን ይበልጥ ያሳዘነው ዕለቱና የምሕላው ፈጥኖ መረሳት ነበር። ከዚህ የምንረዳው፣ አንዳንዱ መዝናኛ በራሱ የሚነቀፍ መሆኑን፣ አንዳንዱ ደግሞ የሚነቀፈው የማይገባውን ቦታ ሲወስድ መሆኑን ነው።

ሦስት መመዘኛዎች

እንግዲህ ወጣቱ ራሱን እንዲመዝን ሦስት ጥያቄዎችን እናቀርባለን።

የመጀመሪያው «ማን ያዛል?» የሚል ነው። ቅዱስ ጳውሎስ የተፈቀደም ነገር ቢሆን በእርሱ ላይ እንዳይሠለጥን እንደማይፈቅድ ተናግሯል (1ኛ ቆሮ. 6፥12)። ይህን ለመፈተን ከጾም የተሻለ መንገድ የለም። ሦስቱን ቀን የነነዌን ጾም፣ ከዚያም የፍልሰታን ሱባኤ ያለ ጨዋታ ማሳለፍ ይሞከር። የተቻለው በእጁ እንደያዘው ያውቃል፤ ያልተቻለው እንደተያዘ ይወቅ፤ ለንስሐ አባቱም ይንገር።

ሁለተኛው «የማንን ቦታ ወሰደ?» የሚል ነው። ከሥራና ከጸሎት በኋላ የተረፈውን ጊዜ ከሆነ የቀስቱ ዕረፍት ነው። እንቅልፍን፣ ትምህርትን፣ ቅዳሴን፣ ከእናት ጋር ቡና መጠጣትን ከወሰደ ግን የሰረቀው ነገር አለ። በ2014ና በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት ከመቶ አራት እንኳ አልሞሉም። ይህን ጨዋታ አመጣው አንልም፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። ነገር ግን በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚባክን ሌሊት ውድ መሆኑን ማንም አይክድም። ሐዋርያውም ዘመኑ ክፉ ነውና ጊዜን እንድንዋጅ መክሯል (ኤፌ. 5፥16)።

ሦስተኛው «ምን ፍሬ ተወ?» የሚል ነው። ከጨዋታው ስንነሣ ታናሽ ወንድማችንን የምንቆጣ፣ አፋችን ስድብ የለመደ፣ ከአባታችን የምንደብቀው ወጪ ያለን ከሆነ ፍሬው መራራ ነው። ወዳጅ አግኝተን ከሆነ ደግሞ ወዳጅነቱ ከጨዋታው ይውጣ፤ በስሙ እንጥራው፣ በችግሩ እንድረስለት፣ በጸሎታችን እናስበው። ባዕድ አምልኮና ዝሙት ያለበት ጨዋታ ግን ለሚዛን አይቀርብም፤ ይተዋል።

ለወላጆችና ለእኛ ለአገልጋዮች

በአካባቢያችን ብዙ የገጠር ልጆች ለትምህርት ወደ ሽንዲ፣ ወደ ቡሬ ወይም ወደ ፍኖተ ሰላም መጥተው ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ወላጅ ስንቅ ይልካል፤ ሌሊቱን ግን ከልጁ ጋር የሚያድር ታላቅ የለም። ስለዚህ ስንቅ ይዘው የሚመጡ አባቶችና እናቶች ስለ እህሉ ብቻ ሳይሆን ስለ ሌሊቱም ይጠይቁ። ቁጣ አያስቀድሙ። «ከማን ጋር ትጫወታለህ? ምን ያስደስትሃል?» ብለው ይጀምሩ። አብረው የተከራዩ ተማሪዎችም ተስማምተው ከመኝታ በፊት ስልካቸውን በአንድ ቦታ ቢያኖሩ ሌሊቱ ለእንቅልፍ ይተርፋል።

የሚበልጠው ጥያቄ ግን ለእኛ ነው። በጨዋታው ቡድን የሚመራ፣ ሰው በተስፋ የሚጠብቀው፣ ቢቀር የሚፈለግ ልጅ፣ በእኛ ጉባኤ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የሚሰማ ብቻ ነው። ሁለት እሑድ ቢቀር የሚፈልገው የለም። በጨዋታው ግን አንድ ማታ ቢቀር ሦስት ሰዎች «የት ጠፋህ?» ይሉታል። ይህ ሊያሳፍረን ይገባል። ቤተ ክርስቲያን ከማንም በፊት ማኅበር ያላት፣ መሰላል ያላት፣ ለእያንዳንዱ አገልግሎት ያላት ናት። መዝሙር የሚያጠና፣ ለታናናሾቹ ፊደል የሚያስቆጥር፣ የታመመ አረጋዊ የሚጠይቅ፣ የአቅመ ደካማ እርሻ የሚያርም የወጣት ቡድን ብናቋቁም፣ ልጁ የሚሻውን መፈለግ በእውነተኛው ዓለም ያገኘዋል። «ተው» ከማለታችን በፊት «ና» ማለት ይጠበቅብናል።

ወደ ሽንዲው ጥያቄ እንመለስ። ጨዋታው ኃጢአት ነው ወይስ አይደለም? ልጆቻችን ሆይ፣ መልሳችን ይህ ነው፤ መጫወት በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ለጨዋታ መገዛት ግን ባርነት ነው፤ ክፋት ያለበትን ጨዋታ መጫወትም በደል ነው። እናቱ ታማ የጠየቁትን ልጆች ያገኘኸው ሆይ፣ ወዳጆችህን ጠብቅ፤ የሌሊቱን ገደብ ግን አንተ ወስን። የአባትህን የበርበሬ ገንዘብ ያጠፋኸው ሆይ፣ ጨዋታውን መተውህ ግማሹ ነው፤ ወደ አባትህ ሂድና እውነቱን ንገረው። ይቅር የሚልህ አባት ለመኖሩ ከጠፋው ልጅ ታሪክ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግህም (ሉቃ. 15)። ብቻህን መሄድ ከፈራህ እኛ አብረንህ እንሄዳለን።

የወጣትነታችንን ጊዜ የሚባርክ፣ የታሰረውን የሚፈታ አምላካችን ማስተዋሉን ያድለን፤ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም ምልጃ፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።